አንድ ዘር፣ አያሌ ጣዕም፦ የሻርዶኔ ወይን ታሪክ

ከፓሪስ በስተ ደቡብ ምሥራቅ 180 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ፣ ሰራን በሚባለው ትንሽ ወንዝ ዳር፣ ሻብሊ የተባለ አነስተኛ ከተማ ይገኛል። ከከተማው ወንዙን ተሻግሮ፣ ፊቱን ወደ ደቡብ ምዕራብ ያዞረ ተዳፋት ከግርጌው እስከ አናቱ በወይን ሐረግ ተሸፍኖ ይታያል። ከዚህ ተዳፋት የሚገኘው ነጭ ወይን ጠጅ መልኩ ወደ አረንጓዴነት የሚያደላ፣ ጣዕሙ እንደ ሎሚ ምላስን ቆንጠጥ የሚያደርግ፣ ሽታውም ዝናብ ያራሰውን ድንጋይ የሚያስታውስ ነው። ከዚያ ብዙ ሺህ ኪሎ ሜትር ርቆ በካሊፎርኒያ ከሚጠመቁት ወይን ጠጆች መካከል ደግሞ መልኩ እንደ ወርቅ ቢጫ የሆነ፣ አፍ የሚሞላ፣ የቅቤና የቫኒላ ሽታ ያለው አለ። በሻምፓኝ አውራጃ የሚዘጋጀው ሦስተኛው ዓይነት በበኩሉ ጠርሙሱ ሲከፈት አረፋውን እየደፈቀ የሚወጣ ነው። ሦስቱን ጎን ለጎን አድርጎ የቀመሰ ሰው፣ ሁሉም ሻርዶኔ ከሚባል ከአንድ የወይን ዘር የተገኙ ናቸው ቢባል ለማመን ይቸገራል። ነገሩ ግን እውነት ነው።

ለዚህ ልዩነት ሁለት ዓይነት ምክንያት ሲሰጥ ኖሯል። አንዳንዶች፣ በተለይም የፈረንሳይ ባለ ወይን እርሻዎች፣ ልዩነቱን የሚያመጣው አፈሩ፣ ተዳፋቱና የአየሩ ጠባይ ነው ይላሉ፤ ይህንንም ሁሉ ጠቅልለው «ቴርዋር» ብለው ይጠሩታል። ሌሎች ደግሞ አፈር የሚጠጣ ነገር እንዳልሆነ ካስታወሱ በኋላ፣ ወይን ጠጁን ወይን ጠጅ የሚያደርገው ጠማቂው ነው ብለው ይከራከራሉ። ክርክሩ የገበያ ጥቅም ጭምር ስላለበት በቀላሉ አይበርድም። ይሁን እንጂ የሻርዶኔ ታሪክ በሚገባ ሲመረመር አንድ የሚያስደንቅ ነገር ይገኛል። ይኸውም ዛሬ የአንድ አገር የጥንት ጠባይ እየተባለ ከሚወደሰው መካከል ብዙው፣ በአንድ በሚታወቅ ዘመን፣ በሚታወቅ ችግር ምክንያት፣ በሰው እጅ የተሠራ መሆኑ ነው። (በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።)

በመጀመሪያ የወይኑን ዘር ጠባይ ማወቅ ያስፈልጋል። እንደ ሙስካት ያሉ የወይን ዘሮች ገና በሐረጉ ላይ ሳሉ ሽታቸው ያውዳል፤ በምንም ዕቃ ቢጠመቁ ማንነታቸውን አይሰውሩም። ሻርዶኔ ግን እንዲህ አይደለም። ፍሬው ሲቀመስ ጣፋጭ ከመሆኑ በስተቀር ይህ ነው የሚባል ልዩ ሽታ የለውም። በሌላ በኩል ሐረጉ በብርድም በሙቀትም አገር ይበቅላል፤ ኮምጣጣነቱንም ሆነ ስኳሩን እንደ ለቀማው ጊዜ ለማስተካከል ያመቻል። በመሆኑም ያደረበትን ዕቃ ሽታ፣ የተብላላበትን ሙቀት፣ ከእርሾው ጋር የቆየበትን ጊዜ ሁሉ ሳይሸሽግ ያሳያል። በኢትዮጵያ ጠላ የሚጠምቁ እናቶች ይህን ነገር ለማስረዳት መምህር አያስፈልጋቸውም። አንድ ዓይነት ገብስና አንድ ዓይነት ጌሾ ከአንድ ገበያ ገዝተው ሁለት ባልቴቶች ቢጠነስሱ፣ የአንደኛዋ ጋን በወይራ በሚገባ የታጠነ ከሆነ፣ ጠጪው ቤቱን በጣዕሙ ይለየዋል።

የሻርዶኔ ትውልድ ራሱ ለብዙ ዘመን ሲያከራክር የቆየ ነው። ከመካከለኛው ምሥራቅ በመስቀል ጦረኞች እጅ የመጣ ነው የሚሉ ነበሩ። ሌሎች ደግሞ ፒኖ የተባለው የቡርጎኝ ጥቁር ወይን ነጭ ዝርያ አድርገው በመቁጠር «ፒኖ ሻርዶኔ» እያሉ ይጠሩት ነበር። በ1999 ዓ.ም. በዴቪስ የካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲና በሞንፔልዬ የፈረንሳይ የግብርና ምርምር ተቋም የሚሠሩ ሳይንቲስቶች በዘር ምልክት (ዲ.ኤን.ኤ.) ምርመራ ጉዳዩን ቋጩት። የሻርዶኔ ወላጆች አንደኛው ፒኖ፣ ሁለተኛው ጉዌ ብላን የሚባል ነጭ ወይን ሆነው ተገኙ። ፒኖ በመሳፍንትና በገዳማት ርስት ላይ የሚተከል የተከበረ ዘር ሲሆን፣ ጉዌ ግን ገበሬው በማይረባ መሬት ላይ የሚያበቅለው፣ ስሙም ሳይቀር ከንቀት ቃል የወጣ፣ በየጊዜው እንዳይተከል የተከለከለ ዘር ነበር። ከሁለቱ መዳቀል አሥራ ስድስት የታወቁ የወይን ዘሮች መወለዳቸውን ያው ጥናት አረጋገጠ። የዓለም ሀብታሞች በውድ የሚገዙት ወይን በእናት ወይም በአባት በኩል ከተናቀ ቤት መወለዱ ብዙዎችን ሳያስፈግግ አልቀረም። ስሙን በተመለከተ፣ በደቡብ ቡርጎኝ በማኮን አጠገብ ሻርዶኔ የሚባል መንደር ዛሬም አለ።

ወደ ሻብሊ እንመለስ፤ የታሪኩ ዋና ክፍል ያለው እዚያ ነውና። ወይን በዚያ አካባቢ የተስፋፋው በ12ኛው መቶ ዘመን በፖንቲኚ ገዳም በሰፈሩት የሲስተርስያን መነኮሳት ጥረት ነው። ገዳሙ የተመሠረተው በ1114 ዓ.ም. ነበር። የተዳፋቱ አፈር የኖራ ድንጋይና የሸክላ አፈር ድብልቅ ሲሆን፣ ከ150 ሚሊዮን ዓመታት ገደማ በፊት የባሕር ወለል የነበረ ስለሆነ፣ ጥቃቅን የኦይስተር ዛጎሎች በብዛት ተደባልቀውበት ይገኛሉ። የጂኦሎጂ ሊቃውንት ይህን ንብርብር በእንግሊዝ አገር በምትገኝ አንዲት የባሕር ዳር መንደር ስም «ኪመሪጅያን» ብለው ይጠሩታል። የሻብሊ ነዋሪዎች ወይን ጠጃቸው ድንጋይ ድንጋይ የሚለው ከእነዚህ ዛጎሎች የተነሣ ነው ብለው ለእንግዳ ሁሉ ያስረዳሉ። ነገሩ ለጆሮ ያምራል፤ ነገር ግን የሐረጉ ሥር ዛጎል መጥጦ ወደ ፍሬው አያደርስም። አፈሩ የሚጠቅመው ውኃን በልክ በመያዝና በልክ በማሳለፍ ነው።

በባቡር ሐዲድ ዘመን ከመድረሱ በፊት የዮን አውራጃ ወይን ጠጅ በጀልባ ተጭኖ፣ በዮን ወንዝ ወርዶ፣ ሴን ወንዝን ይዞ ፓሪስ ይገባ ነበር። ዋና ከተማይቱን ያህል ጠጪ በቅርብ ማግኘት ቀላል ጸጋ አይደለም። በ19ኛው መቶ ዘመን አጋማሽ በአውራጃው በወይን የተሸፈነው መሬት 40,000 ሔክታር ያህል ደርሶ ነበር። በ1850ዎቹ ፓሪስን ከሊዮንና ከማርሴይ የሚያገናኘው የባቡር ሐዲድ ሲጠናቀቅ ግን የደቡቡ ርካሽ ወይን ጠጅ ወደ ፓሪስ ጎረፈ። አንድ የምሕንድስና ሥራ አንዱን አገር ሲያለማ ሌላውን እንዴት ሊያደኸይ እንደሚችል ከዚህ የተሻለ ምሳሌ ማግኘት ያዳግታል። በላዩ የሻጋታ በሽታ ተጨመረ፤ ከዚያም ሥር የሚበላው ፊሎክሴራ የተባለው ተባይ መጣ፤ ቀጥሎ የአንደኛው የዓለም ጦርነት ወጣቱን ሠራተኛ ወሰደ። በ1950ዎቹ በሻብሊ የቀረው የወይን መሬት 500 ሔክታር ገደማ ብቻ ነበር።

የቀረውንም ቢሆን ውርጭ እያሳደደው ነበር። የሻብሊ ውርጭ የሚወድቀው በሚያዝያና በግንቦት፣ እንቡጡ ከፈነዳ በኋላ፣ ሰማዩ በጠራና ነፋስ በሌለበት ሌሊት ነው። መሬቱ ሙቀቱን ወደ ጠፈር ይለቃል፤ የቀዘቀዘው አየር ክብደት ስላለው በተዳፋቱ እንደ ውኃ ቁልቁል ወርዶ ከወንዙ ሸለቆ ይተኛል። ሙቀቱ ከዜሮ በታች ሁለትና ሦስት ዲግሪ ሲደርስ ለጋው ቀንበጥ ይሞታል፤ በማለዳ ፀሐይ ሲመታውም የተቃጠለ ይመስላል። በ1957 ዓ.ም. የወደቀው ውርጭ ለብዙዎች ያተረፈላቸው ነገር አልነበረም። በዚያን ጊዜ ልጆቻቸውን ወደ ከተማ ልከው መሬቱን ለእህል ያዋሉ ገበሬዎች ጥቂት አልነበሩም።

ሻብሊን ያዳነው ከዚያ በኋላ የመጣው ዘዴ ነው። በመጀመሪያ በወይኑ ረድፎች መካከል በየሔክታሩ በመቶዎች የሚቆጠሩ የናፍጣ ምድጃዎች ተደረደሩ። ምድጃዎቹን በሌሊት እየዞሩ መለኮስና ነዳጅ መጨመር የቤተ ሰቡ ሁሉ ሥራ ሆነ፤ ጢሱ ጎሕ ሲቀድ ሸለቆውን ሞልቶ ይታይ ነበር። ሁለተኛው ዘዴ ለሰሚው እንግዳ ነው፤ ውርጭን በውኃ መከላከል። በቧንቧ የመጣው ውኃ በእንቡጡ ላይ ሳያቋርጥ ይረጫል፤ ውኃው ይረጋና እንቡጡን በበረዶ ልብስ ይሸፍነዋል። አንድ ኪሎ ግራም ውኃ ወደ በረዶ ሲለወጥ 334 ኪሎ ጁል ሙቀት ስለሚለቅ፣ በበረዶው ውስጥ ያለው ቀንበጥ ከዜሮ ዲግሪ ብዙም ዝቅ ሳይል ያድራል። አደጋው የሚመጣው ፓምፑ በመካከል የቆመ እንደሆነ ነው። አንድ ኪሎ ግራም ውኃ ሲተን የሚወስደው ሙቀት፣ ሲረጋ ከሚሰጠው ከሰባት እጥፍ ይበልጣልና፣ እርጥብ ሆኖ የተተወ እንቡጥ ደርቆ ከቀረው ቀድሞ ይሞታል። ስለዚህ ርጭቱን የጀመረ ሰው ፀሐይ ወጥታ በረዶው እስኪቀልጥ ድረስ ማቆም አይችልም። ለዚሁ ተግባር ቤን በሚባለው መንደር አጠገብ ሰው ሠራሽ ሐይቅ ተቆፍሯል። ለአንድ መጠጥ ሐይቅ መቆፈር የተጋነነ ይመስል ይሆናል፤ መከሩን በሁለት ሌሊት ያጣ ገበሬ ግን እንዲህ አይልም።

መከሩ አስተማማኝ ሲሆን ገንዘብ መጣ፤ ገንዘቡም ወደ ጓዳው ገባ። እዚህ ላይ ነው አንባቢ ልብ ሊለው የሚገባው ነገር የሚገኘው። ከጥንት ጀምሮ ሻብሊ የሚጠመቀውና የሚቀመጠው በእንጨት በርሜል ነበር። በርሜሉ «ፈይየት» ይባላል፤ የሚይዘውም 132 ሊትር ነው። ዋጋው እንኳ የሚነገረው በበርሜል ቁጥር ነበር። ከውርጩ መከላከያ ወዲህ ባሉት አሥርታት ግን ብዙዎቹ ጠማቂዎች የረጃጁትን የማይበክሉና ለማጠብ የሚመቹ ጋኖች፣ በተለይም የማይዝግ ብረት ጋኖችን ገዙ። ዛሬ ጠጪው «እውነተኛ ሻብሊ እንጨት አይነካውም» ብሎ የሚሟገትለት ንጹሕ፣ ስል፣ ድንጋይ ድንጋይ የሚል ጣዕም በአብዛኛው የዚህ ብረት ፍሬ ነው። በአንጻሩ እንደ ራቭኖና ዶቪሳ ያሉ ቤተ ሰቦች አሮጌውን በርሜል ሳይጥሉ ቀሩ። በርሜሉ ብዙ ዓመት ያገለገለ በመሆኑ ሽታው አልቆ፣ ወይን ጠጁ በእንጨቱ ቀዳዳዎች ጥቂት አየር እንዲያገኝ ብቻ የሚረዳ ነው። የሁለቱ ወገን ደጋፊዎች እያንዳንዳቸው ባህሉ በእነርሱ ዘንድ እንዳለ ይናገራሉ። ዕድሜ ከተቆጠረ ግን ባህል የሚባለው እንጨቱ ነው፤ ብረቱ ገና የትናንት እንግዳ ነው። ይህን ማለት ብረቱ መጥፎ ነው ማለት አይደለም። ጥንታዊ ነው ተብሎ የሚሸጠው ነገር ከትራክተር ብዙም የማይበልጥ ዕድሜ እንዳለው ለማስታወስ ያህል ነው።

የመሬቱም ድንበር እንዲሁ አከራክሯል። በ1938 ዓ.ም. ሻብሊ የሚለው ስም በሕግ ሲጠበቅ መለኪያው የኪመሪጅያን አፈር ነበር። ገበያው ሲደራ፣ በጉብታዎቹ አናት ላይ የሚገኘው ሌላ የኖራ ድንጋይ ያለበት መሬትም ስሙን እንዲያገኝ የጠየቁ ነበሩ፤ የለም፣ አፈሩ ሌላ ነው ብለው የተቃወሙም ነበሩ። በ1970ዎቹ የማስፋፋቱ ወገን አየለ። ዛሬ የሻብሊ ወይን ከ5,000 ሔክታር በላይ ይሸፍናል። ከዚህ ውስጥ «ግራን ክሩ» የሚባለው ከፍተኛ ማዕረግ የተሰጠው በወንዙ ማዶ ያለው ያ ተዳፋት ብቻ ሲሆን፣ ስፋቱ 100 ሔክታር ያህል ነው።

ከሻብሊ ወደ ደቡብ ሲወርዱ፣ ቦን በምትባለው ከተማ አካባቢ ሜርሶ፣ ፑሊኚና ሻሳኝ የተባሉ መንደሮች ይገኛሉ። የኋለኞቹ ሁለቱ መንደሮች ስምንት ሔክታር ያህል ብቻ የሆነውን ዝነኛውን የሞንራሼ መሬት ስለሚካፈሉ፣ በ1879 ዓ.ም. ስሙን በየስማቸው ላይ ቀጥለዋል። በዚህ አገር ሻርዶኔ የሚብላላው 228 ሊትር በሚይዝ የባሉጥ (የኦክ) እንጨት በርሜል ውስጥ ነው። የበርሜሉ ልክ እንዲሁ በዘፈቀደ የመጣ አይደለም። ስኳር ወደ አልኮል ሲለወጥ ሙቀት ይወጣል፤ ሙቀቱ መውጫ ባያገኝ የጭማቂውን ሙቀት ከ20 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በላይ ከፍ ለማድረግ ይበቃል፤ ያን ጊዜ ሽታው ይበናል፣ እርሾውም ይሞታል። ዕቃው ትንሽ ሲሆን ግን ከይዘቱ አንጻር ገላው ሰፊ ስለሚሆን፣ በቀዝቃዛ ምድር ቤት ውስጥ ሙቀቱን በቀላሉ ያስተነፍሳል። ማቀዝቀዣ ባልነበረበት ዘመን በርሜሉ ራሱ ማቀዝቀዣ ነበር ማለት ነው።

ወይን ጠጁ በክረምት ካረፈ በኋላ፣ ምድር ቤቱ በጸደይ ሞቅ ሲል ሁለተኛ ለውጥ ይመጣል። ባክቴሪያዎች በፖም ውስጥ የሚገኘውን ዓይነት ስል አሲድ በእርጎ ውስጥ ወደሚገኘው ለስላሳ አሲድ ይለውጡታል። በዚህ ጊዜ ዲያሴቲል የሚባል ንጥረ ነገር ስለሚፈጠር የቅቤ ሽታ ይሰማል። ጠማቂው በተጨማሪ ከበርሜሉ ሥር የዘቀጠውን የእርሾ አተላ በዱላ እያማሰለ ከወይን ጠጁ ጋር ያዋሕደዋል፤ ይህም አፍ የሚሞላ ውፍረት ይሰጠዋል። በርሜሉ ሲሠራ ውስጡ በእሳት ስለሚለበለብ፣ የቫኒላውና የተቆላ ለውዝ ሽታው ከዚያ ይመጣል። የሜርሶ ጠባይ የሚባለው ሁሉ የእነዚህ ሦስት ነገሮች ድምር ነው ቢባል አፈሩን መካድ ይሆናል፤ አፈሩን ብቻ ማመስገንም እንዲሁ በርሜል ሠሪውን መካድ ነው።

ይህ ዘዴ ጉድለት የለውም ማለት ግን አይደለም። ከ1990ዎቹ አጋማሽ ወዲህ የተጠመቁ በርካታ ውድ የቡርጎኝ ነጭ ወይን ጠጆች፣ ሃያ ዓመት ይቆያሉ ተብለው በምድር ቤት ከተቀመጡ በኋላ፣ በሰባትና በስምንት ዓመታቸው ቡናማ ሆነው፣ የተበላሸ ፖም የሚሸቱ ሆነው ተገኙ። ምክንያቱ እስከ ዛሬ ያከራክራል። ቡሹን የሚወቅሱ አሉ፤ መጠበቂያው ድኝ ስለቀነሰ ነው የሚሉም አሉ። በአንዳንድ ባለሙያዎች ዘንድ የሚጠረጠረው ደግሞ እንዲሻሻል ተብሎ የገባው በአየር ግፊት የሚሠራ ዘመናዊ መጭመቂያ ነው። አሮጌው መጭመቂያ ፍሬውን ሲጨፈልቅ ጭማቂው ከአየር ጋር ተገናኝቶ ገና በመጀመሪያው ሰዓት ይጠቁርና፣ በቀላሉ የሚበላሸው ክፍል ከአተላው ጋር ይወገድ ነበር። አዲሱ ግን በእርጋታ ስለሚጨምቅ ያን ክፍል ሳይነካ ያሳልፈዋል። ማሻሻያ የተባለው ነገር አሮጌው ዕቃ ሳይታወቅለት ይሠራ የነበረውን ሥራ አስቀርቶ ሊሆን ይችላል። የምሕንድስና ባለሙያ የሆነ ሁሉ ከዚህ ጋር የሚመሳሰል ነገር በራሱ ሙያ ሳያጋጥመው አይቀርም።

ሻምፓኝን በአጭሩ ማለፍ ይቻላል። በዚያ ብርዳም አገር ሻርዶኔ ሙሉ በሙሉ ሳይበስል ስለሚለቀም፣ ወይን ጠጁ ለብቻው ቢጠጣ ኮምጣጣነቱ ያስቸግራል። ነገር ግን በጠርሙስ ውስጥ ስኳርና እርሾ ተጨምሮለት ዳግመኛ ሲብላላ፣ የሚወጣው ጋዝ መውጫ አጥቶ ስድስት የከባቢ አየር ግፊት ያህል ይደርሳል። ይህም ከመኪና ጎማ ግፊት በጣም የበለጠ ነው። በጥንት ጊዜ የስኳሩ ልክ ስለማይታወቅ በምድር ቤት ውስጥ አያሌ ጠርሙሶች ይፈነዱ ነበር፤ ሠራተኞችም ፊታቸውን በብረት መሸፈኛ ይከልሉ ነበር። በ1830ዎቹ ዣን ባቲስት ፍራንስዋ የተባሉ የሻሎን ከተማ መድኃኒት ቀማሚ የስኳሩን መጠን በስሌት ለመወሰን የሚያስችል ዘዴ አወጡ። ከሻርዶኔ ብቻ የሚዘጋጀው ሻምፓኝ «ብላን ደ ብላን» ይባላል።

ታሪኩ አትላንቲክን የሚሻገረው በ1912 ዓ.ም. ነው። በዚያ ዓመት የዌንቴ ቤተ ሰብ ከሞንፔልዬ የመጣ የሻርዶኔ ቁራጭ በካሊፎርኒያ ተከለ። ከ1920 እስከ 1933 ዓ.ም. በአሜሪካ መጠጥ በሕግ ሲከለከል ወይኑ ጠፍቶ ሊቀር ጥቂት ነበር የቀረው። በ1950ዎቹ ጄምስ ዘለርባክ የተባሉ ባለ ሀብት፣ በጣልያን የአሜሪካ አምባሳደርም የነበሩ፣ የቡርጎኝን ወይን ጠጅ እጅግ ይወዱ ስለነበር ሶኖማ በተባለው አውራጃ ሃንዘል የሚባል የወይን እርሻና መጥመቂያ አቋቋሙ። የቡርጎኝ ቀዝቃዛ ምድር ቤት ግን በካሊፎርኒያ ሙቀት አይገኝም። ብራድፎርድ ዌብ የተባሉት ባለሙያቸው ይህን ችግር የፈቱት፣ በማቀዝቀዣ ውኃ የተከበቡ ትናንሽ የማይዝግ ብረት ጋኖች አሠርተው ጭማቂውን በሚፈልጉት ሙቀት በማብላላት ነው። ከዚያ በኋላ ከፈረንሳይ ባስመጡት የባሉጥ በርሜል አቆዩት። ዛሬ በዓለም ዙሪያ ተራ ነገር የሆነው ሥርዓት በ1957 ዓ.ም. አዲስ ነበር።

በግንቦት ወር 1976 ዓ.ም. በፓሪስ፣ ስቲቨን ስፐሪየር የተባሉ እንግሊዛዊ የወይን ጠጅ ነጋዴ ምልክቱ ተሸፍኖ የሚቀመስ ውድድር አዘጋጁ። ዳኞቹ የታወቁ ፈረንሳውያን ነበሩ። ውጤቱ ሲገለጽ ከነጮቹ አንደኛ የወጣው ሻቶ ሞንተሌና የተባለው የናፓ ሸለቆ የ1973 ሻርዶኔ ሆነ፤ ከአራቱ የመጀመሪያ ደረጃዎችም ሦስቱን የያዙት የካሊፎርኒያ ወይን ጠጆች ነበሩ። አንዲት ዳኛ የሰጡትን ነጥብ የጻፉበት ወረቀት እንዲመለስላቸው እስከ መጠየቅ ደረሱ። የአሸናፊው ጠማቂ ማይክ ግርጊች በክሮኤሽያ ተወልደው ወደ ካሊፎርኒያ የተሰደዱ ሰው ነበሩ።

ከዚህ ቀጥሎ የሆነው ግን ያሳዝናል። ያሸነፈው ወይን ጠጅ ሁለተኛው የአሲድ ለውጥ ያልተደረገበት፣ ስለዚህም የቅቤ ሽታ የሌለው፣ እንጨቱም ያልበዛበት ነበር። በድሉ ዝና የተስፋፋው የ1980ዎቹና የ1990ዎቹ የካሊፎርኒያ ሻርዶኔ በአንጻሩ ሌላ ነው። ፍሬው እስኪጎመራ ይቆያል፤ በአዲስ በርሜል ይጠመቃል፤ ቅቤው ሆነ ተብሎ ይጨመርለታል። በርሜል ለመግዛት አቅም ያነሰው ደግሞ የባሉጥ ፍልጥና ፍቅፋቂ በብረት ጋን ውስጥ ይዘፈዝፋል። እንዲያውም እጅግ ከተሸጡት አንዱ፣ መብላላቱ በመካከል ቆሞ ስኳር የቀረበት ጭማቂ ከሌላው ጋር ተቀላቅሎ ጣፈጥ ያለ በመሆኑ ነው ገበያው የወደደው። ጥቂት መቶ ሔክታር እንኳ ይሞላ ያልነበረው የካሊፎርኒያ ሻርዶኔ፣ በ2000 ዓ.ም. ወደ 40,000 ሔክታር ተጠግቶ ነበር። አውስትራሊያም በዚሁ መንገድ ተጉዛለች። ጠጪው በመጨረሻ ሰለቸው፤ በየምግብ ቤቱ «ከሻርዶኔ በስተቀር የፈለጋችሁትን ስጡኝ» ማለት ፈሊጥ ሆነ። ጥፋቱ የጠማቂው ሳለ ስሙ የጠፋው የወይኑ ነው። ብዙዎች ያን ሰሞን ሻርዶኔን እየነቀፉ ሻብሊን አምጡልን ይሉ ነበር፤ ሻብሊ ከሻርዶኔ ሌላ እንዳልሆነ አያውቁም ነበርና።

የሻብሊን ስም በተመለከተ ሌላም በደል ነበር። በአሜሪካ ለብዙ አሥርታት ከማንኛውም ዓይነት ወይን የተጠመቀ ርካሽ ነጭ ወይን ጠጅ «ሻብሊ» ተብሎ በትልልቅ ጠርሙስ ይሸጥ ነበር፤ ሮዝ ቀለም ያለው «ሻብሊ» ሳይቀር ለገበያ ቀርቧል። በ2006 ዓ.ም. በአሜሪካና በአውሮፓ ኅብረት መካከል የተፈረመው ስምምነት አዲስ ተጠቃሚ እንዳይጨመር ከለከለ እንጂ፣ ቀደም ሲል በስሙ ይሸጡ የነበሩትን አላስቆመም።

ካሊፎርኒያውያንና አውስትራሊያውያን ከስሕተታቸው ተምረው በኋላ ቀደም ብሎ መልቀምን፣ ያገለገለ በርሜልን፣ አንዳንዶቹም ጨርሶ ብረትን ብቻ መርጠዋል። በዓለም ላይ በሻርዶኔ የተሸፈነው መሬት ከ200,000 ሔክታር በላይ ሆኗል። በኢትዮጵያም በስምጥ ሸለቆ፣ በዝዋይ ሐይቅ አካባቢ፣ ከባሕር ወለል 1,600 ሜትር ያህል ከፍታ ላይ፣ ካስቴል የተባለው የፈረንሳይ ኩባንያ ከጥቁሮቹ ዘሮች ጋር ሻርዶኔ አስተክሎ፣ የመጀመሪያዎቹ ጠርሙሶች በ2014 ዓ.ም. ለገበያ ቀርበዋል። እዚያ የሚያስፈራው ውርጭ ሳይሆን ጉማሬና ጅብ በመሆኑ በእርሻው ዙሪያ ቦይ ተቆፍሯል። በምድር ወገብ አቅራቢያ የወይን ሐረግ በብርድ ስለማያንቀላፋ፣ መቼ አብቦ መቼ እንደሚለቀም የሚወስነው የአትክልተኛው መግረዣ ነው። በሻብሊ ሰማይ የሚያዝዘውን በዝዋይ መቀስ ያዝዘዋል።

በሻብሊ ራሱ ግን ሰማዩ የሚያዝዘው ተለውጧል። ክረምቱ ሞቅ ስለሚል እንቡጡ ከቀድሞው ቀድሞ ይፈነዳል፤ ቀድሞ በፈነዳ ቁጥርም ለሚያዝያ ውርጭ የሚጋለጥበት ሌሊት ይበዛል። በሚያዝያ 2021 ዓ.ም. የወደቀው ውርጭ ምድጃውንም፣ ርጭቱንም፣ በኤሌክትሪክ የሚሞቀውን ሽቦም ተቋቁሞ ብዙ መከር አጠፋ። በ2020 ዓ.ም. ደግሞ ለቀማው፣ ቀድሞ በመስከረምና በጥቅምት ይደረግ የነበረው፣ ነሐሴ ሳያልቅ ተጀምሯል። ፍሬው በስኳር ሲበለጽግ አሲዱ ይቀንሳል፤ አሲዱ ሲቀንስ ደግሞ ያ ሎሚ መሳይ ስለት ይደነዝዛል። ከጥቂት ዓመታት ወዲህ በሻብሊ ጓዳዎች ውስጥ የሚነሣው ጥያቄ፣ ሁለተኛውን የአሲድ ለውጥ በከፊል ማስቀረት ይገባል ወይስ አይገባም የሚል ነው። ማስቀረቱ ጋኑን ማቀዝቀዝና ወይን ጠጁን በጥሩ ወንፊት ማጥለልን ይጠይቃል፤ ጣዕሙን እንደ ጥንቱ ለማቆየት ሲባል ጥንት ያልነበረ መሣሪያ መግዛት ያስፈልጋል ማለት ነው።